በጠባብ ገንዘብ ያገለገለ የመስክ መኪና ስለ መግዛት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



 ጸሐፊያችን «ስለ መኪና አንድ ነገር ይንገሩን፤ አባሎች እየጠየቁ ነው» ባሉኝ ጊዜ ነገሩ ለእድር የሚገባ አልመሰለኝም ነበር። የእድር ወግ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና መዋጮ ነው። በኋላ ሳስበው ግን፣ እኛ ዘንድ መኪና የማይገባበት ችግር የለም። በሽተኛ ከገጠር ወደ አጣጥ ወይም ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል የሚወርደው በመኪና ነው። ከተማ ያረፈ ሰው አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚሸኘው በመኪና ነው። ለመስቀልም ሆነ ለአረፋ ቤተሰብ አገር ቤት የሚገባው በመኪና ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ ቆሜአለሁ።

እንደምታውቁት በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ አባቶቻችን በ1950ዎቹ ዓመታት ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበር ያቋቋሙት መኪና ከአገራቸው ደጃፍ እንዲደርስ ብለው ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ ቡታጅራም 130 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ችግሩ የሚጀምረው አስፋልቱን ለቀን ወደ ቀበሌው ስንታጠፍ ነው። ወደ ጉመርና ወደ ጌታ ደጋ፣ ወደ እዣ፣ ወደ ሙሕር፣ በቡታጅራም በኩል ወደ መስቃንና ወደ ሶዶ ውስጥ ለውስጥ የሚገባ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጭቃ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። «የመስክ መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ምክሬን ከጥፋቴ ጋራ ብትሰሙት ይጠቅማችኋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት ጎረቤታሞች ሆነን አንዲት ያገለገለች የመስክ መኪና በጋራ ለመግዛት ገንዘብ አዋጣን። «አንተ ዕድሜህን በመሪና በጋራዥ ነው የጨረስከው፤ አንተ ያየኸውን እንገዛለን» ብለው እኔን ላኩኝ። ሄድኩ። መኪናዋ ቀለሟ የሚያበራ፣ ወንበሯ አዲስ ጨርቅ የለበሰ ነበረች። ቀትር ላይ ነበር የደረስኩት፤ ሞተሯ እየሠራ ጠበቀኝ። በአስፋልት ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ነዳኋት፤ እንደ ውሃ ትፈሳለች። ደላላው «ነገ ሌላ ሰው ይወስዳታል» አለኝ። ተጣደፍኩ። ያዋጣነውን ብር አንዲት ሳትቀር ከፍለን ይዘናት ገባን።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ሌሊት ከደጋው ስልክ ተደወለ። ከስድስታችን የአንዱ የወንድም ልጅ ሚስት ምጥ ጠንቶባታል። ወዲያው ተነሣን። አስፋልቱን ጨርሰን ጭቃው ላይ ስንደርስ ፎሩን አስገባሁ። መብራቱ በራ፤ የፊት ጎማዎቹ ግን አልጎተቱም። ወደ ፊት ኃይል የሚያደርሰው ጥርስ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሠርቶ ከመሸጥ ይልቅ ውስጡን ባዶ አድርገው ዘግተውታል። ሰዎች ምጥ የያዛትን ልጅ በቃሬዛ ተሸክመው እኛ እስከቆምንበት ቢያመጧትም መኪናዋ ከጭቃው የወጣችው ነግቶ፣ ሰው ተጠርቶ ነው። እናትዮዋ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች። ሕፃኑን ግን ቀበርነው።

ሻጩ አታለለን፤ እሱስ ልክ ነው። ነገር ግን እንድመለከት የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ሦስት ነገር አጠፋሁ። አንደኛ፣ ሞተሩን ሞቆ አየሁት። ሁለተኛ፣ ለጭቃ የምትገዛን መኪና በአስፋልት ብቻ ሞከርኳት። ሦስተኛ፣ ገንዘቡን በሙሉ ለግዢ አውጥቼ ለጥገና ምንም አላስቀረሁም፤ ጥርሱን ለማሠራት እንኳ ሁለት ወር መዋጮ መሰብሰብ ነበረብን። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

እንግዲህ ወደ ምክሩ እንግባ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛዋ መኪና ትሻላለች?» አይደለም። «ለምን ሥራ? በየትኛው መንገድ? በዓመት ስንት ቀን?» ነው። ኑሮው ወልቂጤ ከተማ ሆኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ለበዓል ብቻ አገር ቤት የሚገባ ሰው፣ ለሁለት ጉዞ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ናፍጣ የምትጠጣ ከባድ መኪና ማሳደር የለበትም። ከፍ ያለች ተራ ፒክአፕ ትበቃዋለች፤ ለክረምቱ ጉዞ የሌላ ሰው መኪና ቢከራይ ይረክስለታል። በየሳምንቱ ደጋ የሚወጣና የሚወርድ ነጋዴ ግን አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ከባድ ማርሽም ያላት መኪና ያስፈልገዋል። ከባድ ማርሽ የምለው ከካምቢዮው ኋላ ባለችው ረዳት ካምቢዮ የሚገባውን፣ መኪናዋን እንደ በሬ ቀስ አድርጎ የሚያስጎትተውን ነው። ቁመቷ ረጅም ሆኖ ይህ የሌላት መኪና ብዙ ናት፤ ቁመት ብቻውን ከጭቃ አያወጣም።

ሁለተኛው የዓይነት ነገር ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም ልባችን ወደ ላንድክሩዘር ይሄዳል። ምክንያት አለን። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘር፣ በተለይ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራው የናፍጣ ሞተር ያለበት፣ በየገጠሩ በአምቡላንስነት የምናየው ነው። ፖምፓው መካኒካል ነው፤ መካኒኮቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል። ክፉ ጎኑ ዋጋው ነው። በጠባብ ገንዘብ ላንድክሩዘር የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ያለቀለትን ነው። ስለዚህ በላንድክሩዘር ስም ቁራጭ ብረት ከመግዛት፣ በዚያው ገንዘብ ደህና የሆነ ያነሰ መኪና መግዛት ይሻላል።

ያነሱት እነማን ናቸው? ቶዮታ ሃይሉክስ ባለ ፎሩ አንዱ ነው። ቱርቦ የሌለባቸው የድሮዎቹ 2.8 እና 3 ሊትር የናፍጣ ሞተሮች ኃይላቸው ትንሽ ቢሆንም ለጥገና ቀላል ናቸው። የ2.4 ሊትሩን ስትገዙ ግን ሞተሩ ሞቆ ያውቅ እንደሆነ አጥብቃችሁ መርምሩ፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ኒሳን ፓትሮል ባለ 4.2 ናፍጣው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቶዮታ መለዋወጫው በየሱቁ አይገኝም። ሚትሱቢሺ ፓጄሮ ለቤተሰብ ይመቻል፤ ቱርቦ ስላለበት የዘይትና የማቀዝቀዣ ጥንቃቄ ይሻል። ሱዙኪ ሳሙራይና ቪታራ ቀላል፣ ቤንዚን የሚጠቀሙ፣ ክብደታቸው ትንሽ ስለሆነ ጭቃ ላይ ብዙ የማይሰምጡ ናቸው፤ በሽተኛ አስተኝቶ ለመውሰድ ግን ጠባብ ናቸው። ላዳ ኒቫ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራች፣ ሁልጊዜ በአራቱ ጎማ የምትሄድ ብርቱ ትንሽ መኪና ናት፤ መለዋወጫዋን ከየት እንደምታገኙ ሳታረጋግጡ አትግዟት። ላንድሮቨር ገላው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ሰው ገላውን አይቶ ይታለልበታል። ዋዝ የምንላት የሩስያ መኪናም ዛሬ የምትገዛው መካኒክ ቤቱ ውስጥ ላለው ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። የምትገዙት መኪና የከተማችሁ መካኒክ የሚያውቀው፣ መለዋወጫውም በአንድ ቀን የሚገኝ ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት ወደ አንድ የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ጋራዥ ሂዱና «የዚህን መኪና ሞተር በቅርብ ጊዜ ፈትተህ ታውቃለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊቱን ካኮሰተረ መልሱን አግኝታችኋል። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ኃይላቸው ጥሩ ነው፤ ናፍጣው ውሃ ወይም ቆሻሻ ከያዘ ግን ናፍጣ ረጪዎቹ ይበላሻሉ፤ ለጥገናውም መመርመሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት ቦታ አሮጌው መካኒካል ፖምፓ ይመረጣል።

ሦስተኛው ምርመራው ነው። በዚህ ላይ እኔ ያጠፋሁትን አታጥፉ።

ማልዳችሁ ሂዱ። እንደደረሳችሁ ኮፋኖውን አስከፍታችሁ እጃችሁን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ «ነገ እመለሳለሁ» ብላችሁ ሂዱ፤ ብርድ ላይ የማይነሣን ሞተር አስቀድሞ ማሞቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ በሞቀ ሞተር ላይ ግን ፈጽሞ እንዳትከፍቱት፣ ፊታችሁን ያቃጥላችኋል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይቱ መሙያ ክዳን ሥር እንደ ወተት ያለ ነገር ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ይቻላል። ሲነሣ ጭሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተር መግባቱን ሊያሳይ ይችላል። ጥቁር ጭስ የናፍጣው ልክ መዛባት ወይም የአየር ፊልትሮ መታፈን ነው፤ እሱ ከሁሉ ይቀላል።

ከዚያ በኋላ ልብሳችሁ ይቆሽሽ፤ ሥሯ ግቡ። የመስክ መኪና ሕይወቷ ሻንሲዋ ነው። ባሌስትራው በሚያያዝበትና የመሪው ሳጥን በሚታሰርበት ቦታ ላይ የብየዳ ጠባሳ ፈልጉ። ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ፤ ስቱኮ የተለጠፈበት ገላ ማግኔት አይዝም። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ አንድ የተጣመመ ነገር አለ። በጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜው ከገፋ ጎማው ይሰነጠቃል። የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ አትመኑት፤ የፍሪሲዮንና የፍሬን መርገጫው ካለቀ፣ መሪው ከላገ፣ ቆጣሪው ትንሽ ቢያሳይም መኪናዋ ብዙ ሄዳለች።

ፎሩን የምትሞክሩት በእርጥብ መሬት ላይ ነው። ይኸን አደራ እላለሁ። የፊት ጎማው መሐል ላይ በእጅ የሚቆለፍ መዝጊያ ካለው ቆልፉት፤ ፎሩን አስገቡ፤ አንድ ሰው ከጎን ራቅ ብሎ ይቁምና የፊት ጎማዎቹ ጭቃ እየወረወሩ መሆናቸውን በዓይኑ ይይ። በመሪው ፊት የሚበራውን መብራት አትመኑ፤ እኔን ያታለለኝ እሱ ነው። ከዚያም ከባድ ማርሹን አስገብታችሁ አቀበት አስጀምሯት። ማርሹ ተንጓግቶ ከወጣ፣ ወይም ከሥር የሚያፋጭ ድምፅ ከመጣ፣ አትግዙ። በነገራችን ላይ ፎሩ በፈቃድ የሚገባባቸው መኪኖች በደረቅ አስፋልት ላይ በፎር አይነዱም፤ በመታጠፊያ የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል ስለማይሄዱ ረዳት ካምቢዮው ይጎዳል። ብዙ ጥርስ የሚሰበረው በዚሁ ነው።

የመጨረሻው ፈተና አቀበት ነው። የወልቂጤ ሰው ከጊቤ ድልድይ ወደ ከተማው የሚመለሰውን አቀበት ይጠቀምበት። ሙቀቱ ከፍ ካለ፣ ውሃ ካፈላች፣ ራዲያተሩ ወይም ሞተሩ ችግር አለበት። ኃይል ትንሽ ማነሱ ግን አያስደንግጣችሁ፤ ቱርቦ የሌለበት ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ የሁሉም ጉልበት ይቀንሳል።

አራተኛው ወረቀቱ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋራ በቁጥር በቁጥር ይመሳከር። ከመመዝገቢያው መሥሪያ ቤት እገዳ ወይም የባንክ ዕዳ እንደሌለባት ሳታረጋግጡ ብር አትቁጠሩ። የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች መኪና በጨረታ ሲወጣ ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይታያል፤ ጥሩ ዕቃ ይገኝበታል። ነገር ግን የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው፤ ባትሪ የሌላት፣ የማትነሣም ልትሆን ትችላለች። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በጨረታው ሰነድ ላይ አንብቡ። ብዙ ሰው ርካሽ አገኘሁ ብሎ ቀረጡ ከግዢው ጋራ ሲደመር ይደነግጣል።

ስለ ውክልና ደግሞ በእድር ስብሰባ ላይ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ሞትን የምናውቅ ሰዎች ነንና። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ መኪና መግዛት በአገራችን ተለምዷል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። ሻጩ ዓይኑን በጨፈነ ማግስት ገዢው ከወራሾች ጋራ ፍርድ ቤት ሊቆም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስም ይዛወር። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ መኪናዋ ከደጃፍ አትውጣ።

አምስተኛውና የመጨረሻው ገንዘቡ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። እዚሁ አገር ያሉት አሮጌ መኪኖች እንደ ወርቅ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ደላላም «ነገ አታገኟትም» እያለ የሚያጣድፈን ይኸን ይዞ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አትቸኩሉ።

ያላችሁ ገንዘብ 100 ብር ነው እንበል። ከ70 ብር በላይ የምታወጣ መኪና አትዩ። 10 ብር ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድንና ለቦሎ ይቀመጥ። 20 ብር ለመጀመሪያው ጥገና ይያዝ። የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሎቹ ዘይት በሙሉ፣ ፊልትሮዎች፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፣ ካስፈለገም ሁለት ጎማ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ይለወጡ። «መኪናዋ እየሄደች እኮ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የናፍጣውንም ሂሳብ ከቤት ሥሩት። በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር የምትጠጣ መኪና ከወልቂጤ አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ 40 ሊትር ያህል ትፈጃለች፤ 9 ሊትር የምትጠጣው ትንሿ 28 ሊትር ይበቃታል። በወር አራት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ልዩነቱ 48 ሊትር ነው። የመኪና ዋጋ በተገዛችበት ቀን አያልቅም፤ የሚጀምረው ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እድር ልመለስ። «እድሩ መኪና ይግዛ» የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባላት መጥቷል። ሐሳቡን አከብራለሁ። እኔ የምለው ይኸን ነው። ካዝናችን መኪናዋንም፣ ጥገናዋንም፣ የሾፌሩንም ደመወዝ የሚችል ከሆነ እንግዛ፤ ስትገዛም ሊብሬው በዳኛው ወይም በገንዘብ ያዡ ስም ሳይሆን በእድሩ ስም ይሁን። የግዢው ብር ብቻ ካለን ግን አንግዛ። ከዚያ ይልቅ ደህና የመስክ መኪና ካላቸው ሁለት አባላት ጋራ እድሩ በጽሑፍ ይዋዋል፤ በሽተኛ ወይም ሐዘን በተነገረ ጊዜ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በተወሰነ ኪራይ ይወጣሉ። በየዓመቱ ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እነዚያን ሁለት መኪኖች ጭቃ ላይ አውጥቼ ፎራቸውን ለመሞከር እኔ ያለ ክፍያ ቃል እገባለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ማበሩ ለመግዛት ብቻ አይደለም፣ ሳይገዙ ለመጠቀምም ነው።

መኪና ለመግዛት ያሰበ አባል ካለ ብቻውን አይሂድ። ንገሩኝ፤ ማልደን አብረን እንሄዳለን። አንድ ቀን መሥዋዕት ማድረግ ለእኔ ቀላል ነው። ያንን የሐምሌ ሌሊት ሌላ ሰው እንዳያየው እፈልጋለሁ።

 መጪውን ክረምት በሰላም ያሳልፈን።